የመኪና የኋላ ወንበር ማሞቂያ አጭር ታሪክ

አውቶሞቢል ተሠርቶ መንገድ ላይ ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ ፍሬኑ አስተማማኝነትና ስለ አካሉ ቅርጽ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። በውስጡ የሚቀመጠው ሰው ብርዱን እንዴት እንደተቋቋመው ግን በእኛ በባለሙያዎቹ መካከል እንኳ ብዙ ጊዜ ሲነሣ አይሰማም። ምክንያቱን ማግኘት አያስቸግርም። በአገራችን ደጋ እንኳ ቢሆን የማለዳው ውርጭ ከረፋድ ስለማያልፍ፣ የመኪና ማሞቂያ ቁልፍ ለብዙዎቻችን ሳይነካ የሚያረጅ ዕቃ ነው። በረዶ ለወራት በሚተኛባቸው አገሮች ግን ጉዳዩ ከምቾት አልፎ የጤናና የደኅንነት ጉዳይ ሆኖ ኖሯል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመኪና ማሞቂያን ታሪክ በሙሉ ለመተረክ አይደለም። ከታሪኩ ውስጥ አንዱን ክፍል፣ ይኸውም የኋላውን ወንበር ለይቶ ለመመልከት ነው። የኋላው ወንበር በመጀመሪያ ሞቀ፤ ቀጥሎ ተረሳ፤ በመጨረሻም ፋብሪካው የተወውን ሥራ የጋራዥ ባለሙያ በእጁ ሊሞላው ተነሣ። ከዚህ ሂደት ጸሐፊው ሊያሳይ የሚፈልገው አንድ ነገር አለ። በመኪና ውስጥ ሙቀቱ በየዘመኑ የሄደው ዘመኑ ወደሚያከብረው ሰው ነው፤ የቀረውን ወንበር ለማሞቅ የተነሣው ባለሙያ ደግሞ ሽቦውን ብቻ ሳይሆን የፋብሪካውን ኃላፊነት ጭምር ተረክቧል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጌታው ከኋላ፣ ሾፌሩ ከውጭ

አውቶሞቢል ከመምጣቱ በፊት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በክረምት በሠረገላ የሚጓዝ ሰው ሙቀቱን ከቤቱ ይዞ ይወጣ ነበር። በምድጃ የጋለ ጡብ ወይም ድንጋይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከእግሩ ሥር ይደረግለታል፤ ወይም ፍም የያዘ የብረት ሣጥን ይቀመጥለታል፤ ከወገቡ በታች ደግሞ ጠጉራም የእንስሳ ቆዳ ይደርባል። የባቡር ኩባንያዎችም ይህንኑ ልማድ ተቀብለው የፈላ ውኃ የተሞላ የቆርቆሮ ዕቃ ለመንገደኞች ያቀርቡ ጀመር፤ በመጀመሪያ የታደለውም በአንደኛ ማዕረግ ለተሳፈረው ነበር። የፈላ ውኃ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ በ1880ዎቹ በእንግሊዝ አገር ሶዲየም አሲቴት የተባለ ጨው የተሞላ የእግር ማሞቂያ ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ጨው በ58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ቀዝቅዞ በሚረጋበት ጊዜም በቀለጠ ጊዜ የወሰደውን ሙቀት መልሶ ይሰጣል። ስለዚህ ተራ ውኃ ከሚችለው ረዘም ላለ ጊዜ እግር ያሞቅ ነበር።

በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ አንድ ስም አለ። ማርጋሬት ዊልኮክስ የተባሉ የቺካጎ ሴት በኅዳር ወር 1893 «የካር ማሞቂያ» በሚል ስያሜ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝተዋል። በዚህም ምክንያት የአውቶሞቢል ማሞቂያ እናት እየተባሉ ይጠራሉ። ይሁን እንጂ የዱርያ ወንድማማቾች በአሜሪካ በቤንዚን የሚሄደውን ሠረገላቸውን በማሳቹሴትስ የሞከሩት በዚያው ዓመት መስከረም ወር፣ ማለትም ሁለት ወር ብቻ ቀደም ብሎ ነበር። «ካር» የሚለውም ቃል በዚያን ጊዜ አሜሪካ በተለይ የባቡርና የትራም ፉርጎ መጠሪያ እንደነበር ልብ ማለት ያሻል። ይህ የሴትዮዋን ብልሃት አያሳንሰውም፤ አሳቡ ከአውቶሞቢል በፊት የተወለደ መሆኑን ብቻ ያስገነዝበናል።

ከ1900 በኋላ የተሠሩትን የሀብታሞች መኪኖች የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። የኋላው ክፍል ጣሪያና መስኮት ያለው፣ በጨርቅና በቆዳ የተለበጠ እልፍኝ ነው። የሾፌሩ ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ ለዝናብና ለበረዶ የተጋለጠ ነበር። ቅርጹ ከሠረገላው የተወረሰ ነው፤ ሠረገላ ነጂው ከውጭ፣ ጌታው ከውስጥ። ስለዚህ ለመኪና የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ማሞቂያዎች ያገለገሉት የኋላውን ሰው ነው። ከእነዚህ አንዱ በቺካጎ ይሠራ የነበረው «ክላርክ» የተባለው ማሞቂያ ሲሆን፣ በውስጡ የተጠፈጠፈ ከሰል ያለ ነበልባል እየጋመ ምንጣፍ በለበሰው የብረት ሣጥን በኩል እግርን ያሞቅ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ብልሃት በሞተሩ ጭስ መጠቀም ነው። የጭስ ማውጫው ቱቦ ከሞተሩ ተነሥቶ ከወለሉ በታች ወደ ኋላ ስለሚያልፍ፣ ሙቀቱን ለኋላ ተሳፋሪ ማድረስ ቀላል ነበር። ወለሉ ተበስቶ ፍርግርግ ያለው ማሞቂያ ይገጠማል፤ ትኩሱ ጭስ በውስጡ እንዲያልፍ ይደረጋል። አደጋውም ከዚያው የሚመነጭ ነበር። ቱቦው ዝጎ ወይም መጋጠሚያው ላልቶ ጭሱ ከሾለከ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ተዘጋው እልፍኝ ይገባል። ይህ አየር ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደም ጋር የሚተሳሰረውም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ነው። የሞቀው ተሳፋሪ እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል፤ ምናልባትም ዳግመኛ አይነቃም። የኋላው ወንበር ማሞቂያ ገና ከልጅነቱ የሚያሞቀውን ሰው የሚገድል ጠባይ እንደነበረው እዚህ ላይ እናያለን።

ባለቤቱ መሪውን ሲይዝ

«ፊት የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው» እንዲሉ፣ ቀድሞ የሞቀው የኋላ ወንበር ብዙ ሳይቆይ በፊተኛው ተበለጠ። ምክንያቱ የመኪናው ባለቤት ሾፌር መቅጠሩን ትቶ ራሱ መሪ መያዙ ነው። በአሜሪካ ይህ ለውጥ ከተዘጋው አካል መስፋፋት ጋር አብሮ ሄደ። የጄኔራል ሞተርስ መሪ የነበሩት አልፍሬድ ስሎን እንደጻፉት፣ በ1919 ከተሠሩት መኪኖች ጣሪያና መስኮት የነበራቸው 10 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ በ1927 ግን 85 በመቶ ደርሰዋል። ጣሪያውና መስኮቱ ከመጣ በኋላ የመኪናውን ውስጥ ማሞቅ ትርጉም ያለው ሥራ ሆነ፤ ክፍት በሆነ መኪና ውስጥ የሞቀ አየር ወዲያው ነፋስ ይወስደዋልና።

በዚህ ጊዜ የተስፋፋው መሣሪያ በራዲያተሩ ውኃ የሚሠራው ማሞቂያ ነው። መርሁ ዛሬም አልተለወጠም። ቤንዚን በሞተሩ ውስጥ ተቃጥሎ ከሚሰጠው ኃይል ጎማውን የሚያዞረው ጥቂቱ ነው፤ ሲሶ ያህሉ ወደ ማቀዝቀዣው ውኃ ይገባል። ይህን የሚባክን ሙቀት በትንሽ ራዲያተርና በማራገቢያ ወደ ውስጥ መመለስ ነጻ ማገዶ እንደማግኘት ነበር። ማሞቂያው ለረጅም ዘመን ከመኪናው ጋር አብሮ የሚመጣ ዕቃ አልነበረም፤ ገዢው ለብቻው ከፍሎ በሻጩ ወይም በጋራዡ የሚያስገጥመው ተጨማሪ ዕቃ ነበር። መካኒኩ የሚገጥመውም ቧንቧው በሚቀርብበት ቦታ፣ ማለትም ከዳሽቦርዱ ሥር፣ በፊት ተሳፋሪዎች እግር አጠገብ ነው።

በ1938 ናሽ የተባለው የመኪና ፋብሪካ ከውጭ የገባውን አየር አጥልሎና አሙቆ ወደ ውስጥ የሚነፋ ማሞቂያ አቀረበ፤ በ1939 ደግሞ ቴርሞስታት ጨመረለትና «የአየር ጠባይ ዓይን» ብሎ ሰየመው። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ብዙዎቹ የመኪና ማሞቂያዎች የዚህን ፈለግ የተከተሉ ናቸው። በዚያው በ1930ዎቹ መጨረሻ ስቱዋርት ዋርነር የተባለው ኩባንያ ራሱ ቤንዚን እያቃጠለ ሞተሩ እስኪሞቅ ሳይጠብቅ ሙቀት የሚሰጥ «ሳውዝ ዊንድ» የተባለ ማሞቂያ ለገበያ አወጣ።

የኋላው ተሳፋሪ ግን ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው ትራፊው ነበር። የሞቀው አየር ከፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ እስኪደርስ በመስኮቶቹ መስተዋት በኩል ሙቀቱን ይጥላል፤ የፊት ወንበሮች ጀርባም እንደ ግድግዳ ሆኖ ያግደዋል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የኋላው ሰው ራሱ ሲሞቅ እግሩ ይቀዘቅዛል። ይህን ለማረም በ1940ዎቹ በአንዳንድ የአሜሪካ መኪኖች ላይ ከፊት ወንበር ሥር ተጨማሪ ማሞቂያ እየተገጠመ ወደ ኋላ እንዲነፋ ይደረግ ነበር፤ ይህም ቢሆን ለውድ መኪኖች የሚታዘዝ ዕቃ ነበር።

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለረጅም ዘመን ሲመላለስ የኖረው ቮልስዋገን፣ በተለምዶ «ቮልስ» የምንለው፣ የዚህን ዘመን አስተሳሰብ አጉልቶ ያሳያል። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ለማሞቂያ የሚሆን ውኃ የለውም። ስለዚህ ሙቀቱ ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ይወሰዳል። ሞተሩ ከኋላ ወንበር ጀርባ ሆኖ ሳለ፣ ሙቀቱ በግራና በቀኝ ባለው የአካሉ ክፍተት አልፎ ወደ ፊት እግሮችና ወደ ፊት መስተዋት ይጓዛል። ማለትም ምድጃው አጠገብ ካለው ሰው ይልቅ በቀዳሚነት የታሰበው ራቅ ብሎ ለተቀመጠው ነው።

ሕጉም ቢሆን የዘመኑን አስተያየት የተከተለ ነው። በአሜሪካ ከጥር 1 ቀን 1968 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የደኅንነት ደንብ ቁጥር 103 የፊቱን መስተዋት ከውርጭና ከጉም የሚያጠራ መሣሪያ በመኪኖች ላይ እንዲኖር አስገደደ። ትክክለኛና ብዙ ሕይወት የሚያድን ደንብ ነው፤ ሾፌሩ ካላየ ማንም አይድንምና። ነገር ግን ደንቡ የተጨነቀው ለሾፌሩ ዓይን እንጂ ለኋላው ተሳፋሪ ገላ አልነበረም።

ኤሌክትሪክ ወደ ወንበሩ ሲገባ

አየሩን ትቶ ወንበሩን ራሱን የማሞቅ አሳብ ወደ መኪና ኢንዱስትሪ የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሮበርት ባላርድ የተባሉ የጄኔራል ሞተርስ ባለሙያ በ1951 ያመለከቱበት የወንበር ማሞቂያ ፈጠራ በ1955 የባለቤትነት መብት አገኘ። አሳቡ ቀላል ነው፤ ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲያልፍ ሽቦው ይግላል፤ ሽቦው በወንበሩ ልብስ ሥር ከተነጠፈ ሙቀቱ አየሩን ሳያዳርስ በቀጥታ ወደ ገላ ይገባል። የአንድ መኪናን አየር ከብርድ ለማውጣት በሺህ የሚቆጠር ዋት ሲያስፈልግ፣ አንድን ሰው በወንበሩ ለማሞቅ ከ50 እስከ 100 ዋት ያህል ይበቃል።

አሳቡ ወደ ሥራ ለመተርጐም ግን ጊዜ ፈጀ። የዚያን ዘመን መኪኖች ብዙዎቹ የሚሠሩት በ6 ቮልት ነበር። በ6 ቮልት 90 ዋት ለማግኘት 15 አምፔር ያስፈልጋል፤ በ12 ቮልት ግን ግማሹ፣ 7.5 አምፔር ይበቃል። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከ1953 እስከ 1956 ባሉት ዓመታት በአመዛኙ ወደ 12 ቮልት ተሸጋገሩ፤ ቮልስዋገን ደግሞ በ1967 ሞዴሉ ተከተለ። ከ1960 ጀምሮም በተርታ መኪኖች ላይ የመጣው ተለዋጭ ኤሌክትሪክ አመንጪ ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር እንኳ በቂ ኃይል የሚሰጥ ሆነ። መሠረቱ እንዲህ ከተጣለ በኋላ ካዲላክ በ1966 ሞዴሉ የሚሞቅ ወንበርን ተከፍሎበት የሚታዘዝ ዕቃ አድርጎ አቀረበ። በ1971 ደግሞ የስዊድኑ ሳብ በ1972 ሞዴሎቹ ላይ ማሞቂያውን ከመኪናው ጋር አብሮ የሚመጣ አደረገው።

እዚህ ላይ አንባቢው እንዲያስተውለው የምንሻው የሳብ መሐንዲሶች የትኛውን ወንበር እንደመረጡ ነው። የመረጡት የሾፌሩን ነው። ምክንያታቸው ከቴክኒክ አንጻር የሚነቀፍ አይደለም፤ በብርድ የደነዘዘ ሾፌር ለራሱም ለሌላውም አደገኛ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ማሞቂያው ወደ ሌላው የፊት ወንበር ተሻገረ፤ የኋላው ግን በብዙዎቹ ፋብሪካዎች ዘንድ ለውድ ሞዴሎች ብቻ የሚታሰብ ሆኖ ቆየ። ሰባ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ፤ በብርድ ውጭ ይቀመጥ የነበረው ነጂ ከሁሉ ቀድሞ የሚሞቅ ሆነ።

የኋላ ወንበር አዲሶቹ ባለቤቶች

በ1990ዎቹ የኋላው ወንበር አዲስ ባለቤት አገኘ፤ ባለቤቱም ሕፃን ነው። በአሜሪካ ሕግ ከ1998 ሞዴል ጀምሮ የቤት መኪኖች ሁሉ ለሾፌሩና ለፊት ተሳፋሪው የአየር ከረጢት እንዲኖራቸው ተደነገገ። ከረጢቱ ለጐልማሳ ሰው መድኅን ሲሆን ከፊት ለተቀመጠ ሕፃን ግን ገዳይ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ልጆች እስከ 12 ዓመታቸው ድረስ ከኋላ እንዲቀመጡ ምክር ተሰጠ፤ ምክሩም በየቤቱ ሥር ሰደደ።

የብርድ አገር እናት በዚህ ጊዜ አዲስ ችግር ገጠማት። ልጁን ወፍራም ካፖርት አልብሳ በሕፃን ወንበር ብታስረው፣ በግጭት ጊዜ ካፖርቱ ይጨመቃል፤ ቀበቶው ይላላል፤ ልጁም ሊያመልጥ ይችላል። ካፖርቱን ብታወልቀው ደግሞ የኋላው ወንበር ቀዝቃዛ ነው። ከጎኑ የምትቀመጥ አያትም ጉልበቷን ብርድ ይቆረጥማታል። ፋብሪካው የፊቱን ሁለት ወንበር አሙቆ ሸጦላቸዋል፤ የኋላውን ግን አላሰበበትም። ከፋብሪካ ውጭ የሚገጠመው የኋላ ወንበር ማሞቂያ የጋራዦች መደበኛ ሥራ እንዲሆን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ፍላጎት ነው።

ጋራዡ የፋብሪካውን ቦታ ሲወስድ

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የኋላው መቀመጫ ይነሣል፤ ልብሱን ከስፖንጁ ጋር የያዙት የሽቦ ቀለበቶች ይፈታሉ፤ የማሞቂያው ንጣፍ በስፖንጁና በልብሱ መካከል ይለጠፋል፤ ገመዱ ወደ ማብሪያው ይሳባል፤ ልብሱ መልሶ ይታሰራል። ንጣፉ ልብሱ ወደ ውስጥ ተስቦ በሚታሰርበት ቦይ ላይ እንዳይታጠፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የታጠፈበት ቦታ ከሌላው ይበልጥ ይግላልና። በብረት ሽቦ የተሠራ ንጣፍ ፈጽሞ አይቆረጥም፤ በካርቦን ጭረት የተሠራው ደግሞ ሠሪው በፈቀደበት ቦታ ብቻ ይቆረጣል። የሚታጠፍ ጀርባ ያለው ወንበር ሲሆን ገመዱ በታጠፈ ቁጥር እንዳይወጠር ትርፍ ርዝመት ይተውለታል። በወንበሩ ጎን የአየር ከረጢት ያለበት መኪና ከሆነም ባትሪው ተነቅሎ በቂ ጊዜ ሳይጠበቅ ማንኛውም መሰኪያ አይነካም።

ዋናው አደጋ ያለው ግን በወንበሩ ሳይሆን በገመዱ ነው። በምሳሌ እንየው። ለሁለት ሰው መቀመጫና ጀርባ አራት ንጣፍ ቢገጠም፣ እያንዳንዱም 45 ዋት ቢወስድ፣ ጠቅላላው 180 ዋት ይሆናል። ዲናሞው በሚሰጠው 13.5 ቮልት ሲካፈል 13.3 አምፔር ይመጣል። የተቻኮለ ባለሙያ ይህን ጭነት በአቅራቢያው ካገኘው ቀጭን ገመድ፣ ለምሳሌ ከውስጥ መብራት መስመር ላይ ቢቀጥለው፣ ያ ገመድ ለዚህ የተሠራ አይደለም። ፊውዙ ሲቃጠልበት ትልቅ ፊውዝ ቢተካበት ደግሞ ከዚያ በኋላ ፊውዝ የሚሆነው ገመዱ ራሱ ነው።

ከዚህ የከፋው የላላ መጋጠሚያ ነው። ሁለት ገመድ በእጅ ተጠማዝዞ በፕላስተር ቢጠቀለል፣ በመጋጠሚያውም ላይ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢፈጠር፣ 13.3 አምፔር ሲያልፍበት በዚያች ነጥብ ላይ 18 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣል። ይህ የአንድ ትንሽ የብየዳ ካውያ ኃይል ነው። ካውያ በስፖንጅና በጨርቅ መካከል ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ለባልደረቦቻችን መንገር አያሻም። ፊውዙም አያድንም፤ የላላ መጋጠሚያ የመስመሩን አምፔር ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውምና። ስለዚህ የኋላው ማሞቂያ ከባትሪው የራሱ መስመር፣ በባትሪው አጠገብ የራሱ ፊውዝ፣ በጥሩ መሣሪያ የተጨመቀ መጋጠሚያና በሞተር ቁልፍ የሚታዘዝ ሪሌ ያስፈልገዋል። ሪሌው ከሌለ፣ ማብሪያው ተረስቶ ያደረ እንደሆነ 60 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ በአምስት ሰዓት ገደማ ይሟጠጣል።

ቮልስን የሠራ ሁሉ ይህን ትምህርት ያውቀዋል። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የባትሪው ክዳን ከጠፋና ከባድ ሰው ከላይ ከተቀመጠ፣ የወንበሩ ሞላ ወርዶ የባትሪውን ራሶች ይነካል፤ ወንበሩም ይቃጠላል። አንዲት ተራ ክዳን በሰውና በእሳት መካከል ቆማ ነበር። የኋላ ወንበር ሥር የማይታይ ቦታ ስለሆነ የማይታየውን የሚያስብለት ሰው ይፈልጋል።

ሦስተኛው ጉዳይ የሙቀቱ ልክ ነው። በሀርቫርድ ሞሪትዝና ሄንሪኬዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1947 ባሳተሙት ጥናት ቆዳ በ44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጎዳው ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ መሆኑን አሳይተዋል። በ49 ዲግሪ ግን ጊዜው ከአሥር ደቂቃ ያንሳል፤ በ60 ዲግሪ አምስት ሰከንድ ይበቃል። እንግዲህ ጥቂት ዲግሪ በምቾትና በቃጠሎ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ጤነኛ ሰው ሲያቃጥለው ይነሣል ወይም ያጠፋዋል። ከወገቡ በታች የማይሰማው፣ በስኳር በሽታ ምክንያት ነርቩ የተጎዳ፣ ወይም እንቅልፍ የወሰደው ሰው ግን አያውቀውም። በ2011 የደኅንነት አጥኚዎችና የቃጠሎ ሐኪሞች በዚህ ዓይነት ስለተጎዱ ሰዎች ለአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን አቤት ብለው ለወንበር ማሞቂያ የሙቀት ጣሪያ እንዲወሰን ጠይቀዋል።

የፊቱን ወንበር ጉድለት መሪውን የያዘው ሰው ራሱ በጀርባው ያውቀዋል። የኋላውን ወንበር ጉድለት መጀመሪያ የሚያውቀው ግን ለመናገር የማይችል ሕፃን ሊሆን ይችላል። የኋላውን ማሞቂያ ከፊተኛው የሚለየው ዋናው ነገር ይህ ነው። ቴርሞስታት የሌለውን ንጣፍ ርካሽ ነው ብሎ የሚገጥም ባለሙያ ይህን ማሰብ ይገባዋል።

ሙቀት በኮምፒዩተር ሲቆለፍ

የኤሌክትሪክ መኪና መምጣት የወንበር ማሞቂያን ቦታ ከፍ አድርጎታል። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ የሚባክን የሞተር ሙቀት እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ አየሩን ለማሞቅ የሚወጣው ኃይል መኪናው ከሚጓዝበት ርቀት ላይ ይቀነሳል። ገላን በቀጥታ ማሞቅ ስለዚህ ቁጠባ ሆነ። ኒሳን ለአሜሪካ ገበያ ባቀረበው የ2012 «ሊፍ» ላይ የፊቱንም የኋላውንም ወንበሮች የሚሞቁ አድርጎ አቅርቧል። ፋብሪካው የኋላውን ሰው ያስታወሰው ከርኅራኄ ይልቅ በባትሪው ሒሳብ ምክንያት ቢሆንም፣ ማስታወሱ አልቀረም።

ከዚህ ጋር ግን ቀድሞ ያልታየ ነገር መጣ። ቴስላ «ሞዴል 3» ከተባለው መኪና በአነስተኛው ዋጋ በሚሸጠው ላይ የኋላ ወንበሮቹን ማሞቂያ ገጥሞ በኮምፒዩተር ቆልፎ ሸጠ፤ በ2020 ባለቤቱ ተጨማሪ ገንዘብ ከከፈለ እንዲከፈትለት አደረገ። ቢ.ኤም.ደብሊው ደግሞ በ2022 በአንዳንድ አገሮች የወንበር ማሞቂያን በወር ኪራይ አቀረበ፤ ተቃውሞው ስለበረታ በ2023 ይህን አሠራር መተዉን አስታወቀ። ቀድሞ ንጣፉ ስላልነበረ ወንበሩ ይቀዘቅዝ ነበር፤ አሁን ንጣፉ ከሥሩ ተነጥፎ ሳለ ሊቀዘቅዝ ይችላል። የሚሞቀው ማን እንደሆነ የመወሰኑ ሥልጣን አሁንም የሻጩ ነው።

መደምደሚያ

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅማል የሚል ባልደረባ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በደብረ ብርሃን የኋላ ወንበር ማሞቂያ አስገጥምልኝ ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ብዙ አይሆንም። ነገር ግን ሁለት ነገር እናስብ። አንደኛ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ወደ አገር የሚገቡት የግል አውቶሞቢሎች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ብቻ እንዲሆኑ መወሰኑን አስታውቋል። በኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ የወንበር ማሞቂያ የተለመደ ዕቃ ስለሆነ፣ ወንበሩን ለማደስ ወይም ልብሱን ለመቀየር የሚፈታ ባለሙያ ንጣፉን፣ ገመዱንና የአየር ከረጢቱን መሰኪያ ማግኘቱ አይቀርም። ሁለተኛ፣ በዋሺንግተንና በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች ታክሲ እየነዱ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። የእነርሱ ደንበኛ የሚቀመጠው ከኋላ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ትምህርቱ ከማሞቂያው ይሰፋል። የሙዚቃ መሣሪያም ይሁን ተጨማሪ መብራት ወይም ማንቂያ ደወል፣ ከፋብሪካ ውጭ በመኪና ላይ የሚገጠም ማንኛውም ዕቃ ያንኑ ሕግ ይከተላል። ፋብሪካው ለሠራው ሥራ ሥዕል፣ ሙከራና ማኅተም አለው። ጋራዡ በጨመረው ሥራ ላይ ያለው ማኅተም የባለሙያው ኅሊና ብቻ ነው። ስለዚህ የገጠምነውን መስመር በሥዕል አስቀምጠን ለባለቤቱ መስጠት፣ የፊውዙን ልክ ጽፎ መለጠፍ፣ ወንበሩን መልሰን ከመዝጋታችን በፊት ማሞቂያውን ግማሽ ሰዓት አብርተን መጋጠሚያዎቹን በእጃችን መዳሰስ፣ ተጨማሪ ዋጋ የሚጠየቅበት ሳይሆን የሥራው አንድ ክፍል ሊሆን ይገባል።

በሠረገላው ዘመን የጌታውን እግር የሚያሞቀው ሎሌ ጡቡን በጨርቅ ከመጠቅለሉ በፊት በገዛ እጁ ይዳስሰው ነበር፤ ጡቡ ከመጠን በላይ ከጋለ የሚጠየቀው እርሱ ነበርና። ዛሬ ጌታውም ሎሌውም የሉም፤ ከኋላ የተቀመጠው የማናውቀው ሰው ልጅ ነው። የመዳሰሱ ግዴታ ግን እንዳለ ወደ እኛ ተላልፏል።